ተቋረጠ ወይስ ተቆረጠ?

እሑድ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ምሽት ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በሰሜን አላባማ፣ በሃንትስቪል ከተማና በዙሪያዋ፣ የሲቢኤስ ቴሌቪዥንን የዜና ምርመራ ፕሮግራም «60 ሚኒትስ»ን ለማየት የተቀመጠ ሁሉ ስክሪኑ ጠቆረበት። የጠፋው በቀድሞው የአላባማ ገዥ በዶን ሲግልማን ላይ የቀረበው ክስ የፖለቲካ እጅ አለበት ወይ ብሎ የሚመረምር ዘገባ ነበር። ዘገባው ካለፈ በኋላ ምስሉ ተመለሰ። በሌላው የአሜሪካ ክፍል ያለ ተመልካች ግን ፕሮግራሙን በሰላም አይቶት ነበር።

ጣቢያው፣ ደብሊው ኤች ኤን ቲ ቻናል 19፣ በመጀመሪያ የሰጠው መልስ ችግሩ ኒው ዮርክ ካለው ሲቢኤስ የመጣ ነው የሚል ነበር። ሲቢኤስ በበኩሉ በእኛ በኩል ምንም ችግር አልነበረም አለ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው የተበላሸው የራሱ ሪሲቨር መሆኑን ተናገረ፤ ዘገባውንም በዚያው ሌሊት በዜና ሰዓቱ ደግሞ አሳየ። የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን፣ ኤፍሲሲ፣ ጣቢያውን በደብዳቤ ማብራሪያ ጠየቀ። ሪሲቨር መበላሸቱ አዲስ ነገር አይደለም። ሰውን የሚያስቆጣው፣ የሚገባም ቁጣ ነው፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሁለት የተለያየ ነገር መስማቱ ነው።

በአማርኛ «ተቋረጠ» እና «ተቆረጠ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። ሳሎን ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ጥቁር ስክሪን ናቸው። ሆኖም ምልክቱ (ሲግናሉ) ቤታችን እስኪደርስ የሚያልፍበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ ሁልጊዜ ባይሆንም ብዙ ጊዜ፣ ችግሩ ከየት እንደመጣ መለየት ይችላል።

ኔትወርኩ፣ ማለትም ኤቢሲ፣ ሲቢኤስ፣ ኤንቢሲ ወይም ፎክስ፣ ፕሮግራሙን በሳተላይት ወይም በፋይበር ይልካል። የአካባቢው ጣቢያ ይህን ተቀብሎ ሪሲቨር በሚባለው ሳጥን ይፈታዋል። የተፈታው ምስል ማስተር ኮንትሮል ወደሚባለው ክፍል ይገባል። እዚያ ያለው ስዊቸር ከኔትወርኩ፣ ከአካባቢው ዜና ስቱዲዮና ማስታወቂያ ከተጫነበት ሰርቨር መካከል አንዱን መርጦ ወደ አየር ያወጣል። መራጩ በአብዛኛው ሰው ሳይሆን በሰከንድ የተደረደረ ፕሌይሊስት የሚከተል ኮምፒውተር ነው። በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ ዛሬ ይህ ክፍል ጣቢያው ካለበት ከተማ ውስጥ እንኳ አይገኝም፤ አንድ ማዕከል ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የብዙ ከተማ ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ ይጠብቃል። ከስዊቸሩ በኋላ የጣቢያው ሎጎ ይለጠፋል፣ የአደጋ ጊዜ ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ይገባል፤ በመጨረሻ ምልክቱ ወደ ማሰራጫው ማማና ወደ ኬብል ኩባንያዎች ይሄዳል።

ስለዚህ ስክሪኑ ሲጠቁር በመጀመሪያ ጥጉን እዩ። ምስሉ ጠፍቶ የጣቢያው የራሱ ሎጎ (የኔትወርኩ ሳይሆን) ካልጠፋ፣ ሎጎው የሚለጠፈው መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ማሰራጫውም የእናንተም አንቴና፣ ደህና ነው ማለት ነው። ችግሩ ከሎጎው በፊት ነው፤ ወይ ሪሲቨሩ ላይ፣ ወይ ስዊቸሩ ላይ፣ ወይ ኔትወርኩ ዘንድ። ቀጥሎ ንዑስ ቻናሉን ሞክሩ። 7.1 ጠቁሮ 7.2 የሚሠራ ከሆነ ማሰራጫው አልተነካም፤ ሁለቱም በአንድ ማማና በአንድ ምልክት ተጠቅልለው ነው የሚመጡት። ቲቪው ራሱ «ሲግናል የለም» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ነገሩ የአንቴና ወይም የማሰራጫ ጉዳይ ነው፤ ፖለቲካ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ገመዱን ነቅላችሁ ሰኩት። ምስሉ ወደ ትንንሽ ካሬዎች ተበጣጥሶ ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ የምልክት መዳከም ነው፤ ሰው ሆን ብሎ ሲቆርጥ እንዲህ አይቆርጥም። በመጨረሻ ያንኑ ኔትወርክ በሌላ ከተማ ጣቢያ ወይም በስልክ አፕ ክፈቱ። እዚያ ካለ፣ «ችግሩ ከኒው ዮርክ ነው» የሚለው መልስ አይሠራም። የሃንትስቪሉን ጣቢያ የመጀመሪያ መልስ ያፈረሰው ይኸው ነው።

ጥቁር ስክሪን ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ከመጀመሪያው፣ ከነድምፁ፣ ጥርት ብሎ ከገባ ስዊቸሩ ተቀይሯል። ይህም ቢሆን የግድ ተንኮል አይደለም። ንግግር ወይም ክርክር ከተመደበለት ሰዓት ሲያልፍ፣ ጠባቂው ፕሌይሊስቱን በእጁ ካልያዘው ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ጠብቆ ማስታወቂያውን ይለቀዋል፤ አንዱ ሠራተኛ አሥር ጣቢያ እየጠበቀ ከሆነ ደግሞ ይህን እስኪያይ ጊዜ ይፈጃል። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚታወቀው በመመለሻው ነው፤ ማስታወቂያው እንዳለቀ ወይም እንዲያውም መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ንግግሩ ይመለሳሉ። ጠባቂው ተጠባባቂ ሪሲቨር ካለው ወደዚያ ማዞርም የብዙ ደቂቃ ሥራ አይደለም። አንድ ዘገባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠፍቶ ቀጣዩ በሰዓቱ ሲጀምር ግን ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሌላ ነው፤ ድምፁ ይለያል፣ ከስር ጽሑፍ ይሮጣል፣ የአየር ሁኔታ ባለሙያው ካርታው ፊት ይቆማል። ሕይወት ለማዳን የተቋረጠን ክርክር ማንም አይወቅስም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልግባ። በአሜሪካ ሕግ ጣቢያ የኔትወርኩን ፕሮግራም አላሳይም ማለት ይችላል። እንዲያውም የኤፍሲሲ ደንብ ጣቢያው ለሕዝብ አይጠቅምም ብሎ ያመነበትን ፕሮግራም የመከልከል፣ ወይም የበለጠ አስፈላጊ በሆነ የመተካት መብቱን በውል አሳልፎ እንዳይሰጥ ያስገድዳል። በሌላ በኩል የመገናኛ ሕጉ ኤፍሲሲ ራሱ ሳንሱር እንዳያደርግ ይከለክላል። ስለዚህ «ለምን ከለከሉን» ብቻ የሚል አቤቱታ የትም አይደርስም።

መከልከል በግልጽ ሲሆን ምን እንደሚመስል ምሳሌ አለ። ኤፕሪል 30 ቀን 2004 ቴድ ኮፕል በኤቢሲ የሌሊት ዜና ፕሮግራም በ«ናይትላይን» ኢራቅ ውስጥ የሞቱትን ከ700 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ስም ሲያነብ፣ የብዙ ጣቢያዎች ባለቤት የሆነው ሲንክሌር ኩባንያ የኤቢሲ ጣቢያዎቹ እንዳያስተላልፉት ማዘዙን አስቀድሞ ተናገረ። ሴናተር ጆን ማኬይን በደብዳቤ ወቀሱት። በሴፕቴምበር 2025 ሲንክሌርና ሌላው የጣቢያዎች ባለቤት ኔክስታር የኮሜዲያኑን የጂሚ ኪሜልን የኤቢሲ ፕሮግራም ሲያግዱም እንዲሁ በመግለጫ ነበር፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሐበሻ የሲንክሌርን ቻናል 7 ከፍቶ በቦታው ዜና ሲያይ ማን እንዳገደው ያውቅ ነበር። ውሳኔዎቹን ልትቃወሙ ትችላላችሁ፤ እኔም እቃወማቸዋለሁ። ነገር ግን ተመልካቹ ከማን ጋር እንደሚሟገት አውቋል። ያለማስጠንቀቂያ የሚደረገው መቁረጥ የሚነጥቀው ይህንኑ ነው።

የዚህ ሁሉ አባት የሆነው ታሪክ ሚሲሲፒ ውስጥ ነው። በ1955፣ በጃክሰን ከተማ ደብሊው ኤል ቢ ቲ ቻናል 3፣ የጥቁሮች መብት ድርጅት የኤንኤኤሲፒ ዋና ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል የቀረቡበት የኔትወርክ ፕሮግራም ሲተላለፍ ምስሉ ጠፋና አንድ ጽሑፍ ወጣ፦ «ይቅርታ፣ የኬብል ችግር»። በዚያ ዘመን የኔትወርክ ምልክት ከከተማ ከተማ የሚጓዘው በስልክ ኩባንያው ኬብልና ማይክሮዌቭ መሥመር ስለነበር ሰበቡ አፍ ላይ የሚጣፍጥ ነበር። አገር ቤት ያደግን ሰዎች «ለተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ይቅርታ እንጠይቃለን» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር በቃላችን እናውቃታለን፤ ይህች ታላቅ እኅቷ ናት።

ሆን ብለው ነው የቆረጡት የሚል አቤቱታ ለኤፍሲሲ ቀረበ። ኤፍሲሲ በ1959 ጉድለቶቹ «የተናጠል አጋጣሚዎች» ናቸው ብሎ ፈቃዱን አደሰ። ይህን ቃል ያዙልኝ፤ ዛሬም አንድ ቀን የታየን መቋረጥ የሚገድለው ይኸው ቃል ነው።

መልሱን ያገኙት የተባበሩት የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የኮሙኒኬሽን ቢሮ ኃላፊ ቄስ ኤቨረት ፓርከር ናቸው። የተናጠል አጋጣሚ አይደለም ለማለት ተከታታይ ማስታወሻ ያስፈልጋል። በማርች 1964 የጃክሰን ፈቃደኞች ሠልጥነው ከ1 እስከ 7 ያለውን ሳምንት ሙሉ ስርጭቱን ተከታትለው መዘገቡ፤ ለደኅንነታቸው ሲባል ማንነታቸው በምሥጢር ተያዘ። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ቤተ ክርስቲያኗና ሁለት የአካባቢው ጥቁር መሪዎች፣ አሮን ሄንሪና ቄስ ሮበርት ስሚዝ፣ የጣቢያው ፈቃድ እንዳይታደስ አመለከቱ። ኤፍሲሲ ተመልካች የመክሰስ መብት የለውም አላቸው። በ1966 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት በሆኑት በዋረን በርገር ብዕር፣ ተመልካቾች መብቱ አላቸው ብሎ ፈረደ። በ1969 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት የፈቃዱን እድሳት ሻረው። ጣቢያው ወደ ጊዜያዊ አስተዳዳሪ ተላልፎ በ1972 ዊልያም ዲልዴይ የተባሉ ጥቁር ሥራ አስኪያጅ ተሾሙበት።

የ1966ቱ መብት ዛሬም አለ። የሚጠየቀው ማስታወሻም ከ1964ቱ ብዙ አይለይም። አንድ ጥሩ መሥመር ይህን ይመስላል፦ «እሑድ፣ 7:14:30 ፒኤም፣ በአንቴና። ምስልም ድምፅም ጠፋ። የጣቢያው ሎጎ አለ። ንዑስ ቻናሉ ይሠራል። በስልክ አፕ ላይ ፕሮግራሙ ቀጥሏል። 7:26:05 ተመለሰ። ጽሑፍም ይቅርታም አልታየም።» ስልካችሁን አውጥታችሁ ቲቪውንና የግድግዳውን ሰዓት በአንድ ላይ ቅረጹ፤ 30 ሰከንድ ይበቃል። ይህ አንድ ጊዜ ከሆነ አስቀምጡት። በሦስት ወር ውስጥ አራት አምስት ጊዜ፣ ያውም በአንድ ወገን ፕሮግራም ላይ ብቻ ከሆነ፣ ያኔ በእጃችሁ ያለው ሌላ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ለጣቢያው በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ። ከ2017 ወዲህ ጣቢያዎች የተመልካች ደብዳቤ በሕዝብ መዝገባቸው ውስጥ የማስቀመጥ ግዴታ ስለሌለባቸው ቅጂው እናንተ ዘንድ ካልቀረ የትም የለም። ከዚያ ኤፍሲሲ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የጣቢያውን የሕዝብ መዝገብ ክፈቱ። በየሩብ ዓመቱ፣ እስከ ጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይና ኦክቶበር 10 ድረስ፣ ጣቢያው የአካባቢውን ጉዳዮች የዳሰሰባቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ያስገባል። የተቆረጠውን ፕሮግራም እንደተላለፈ አድርጎ ከቆጠረው ጉዳዩ ለመንግሥት ሐሰት ማቅረብ ይሆናል፤ ኤፍሲሲ ከፕሮግራም ምርጫ ይልቅ በዚህ ይቆጣል። እዚያው መዝገብ ውስጥ ያለው የፖለቲካ ማኅደር ደግሞ የትኛው ዕጩ ስንት ደቂቃ በስንት እንደገዛ ያሳያል። የተቋረጠው ራሱ ዕጩው የታየበት ማስታወቂያ ከሆነ ለዕጩው ቢሮ ወዲያው ንገሩ፤ ጣቢያው የዕጩን ማስታወቂያ ይዘት መነካካት አይፈቀድለትም፣ ተቀናቃኝ እኩል ጊዜ የሚጠይቅበት ቀነ ገደብም አንድ ሳምንት ብቻ ነው። የኤፍሲሲ ስልክ 1-888-225-5322 ነው፤ የጣቢያውን መጠሪያ ፊደላት፣ ከተማውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዛችሁ ደውሉ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በአየር የማሰራጨት ፈቃድ ላላቸው ጣቢያዎች ነው። በሳተላይትና በዩቲዩብ የምናያቸው የአማርኛ ቻናሎች በዚህ ደንብ አይዳኙም።

ፈቃድ የሚታደሰው በየ8 ዓመቱ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ቲቪ ጣቢያዎች ፈቃድ ኦክቶበር 1 ቀን 2028 ያበቃል። ጣቢያዎቹ እስከ ጁን 1 ያመለክታሉ፤ ተመልካች የተቃውሞ ማመልከቻ የሚያስገባበት ቀን ሴፕቴምበር 1 ነው። ከማመልከቻው ጋር በዓይኑ ያየ ሰው የፈረመው ቃለ መሐላ ይያያዛል፣ ቅጂውም ለጣቢያው ይላካል። ቃለ መሐላው ላይ ሰዓት ስትጽፉ በአሜሪካ አቆጣጠር ይሁን። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብላችሁ የጻፋችሁትን አስተርጓሚው 1 ፒኤም ካደረገው፣ ጣቢያው የዚያን ቀን የቀትር ስርጭቱን አውጥቶ ምንም እንዳልተቋረጠ ያሳያል፤ እውነቱንም ይሆናል።