የጸለይኩት ስለ ጫቱ ነበር

እግዚአብሔር ለቤቴ ያደረገውን ልመስክር።

ባለቤቴ የሞተር ጀልባ ነጂ ነበር። ከባሕር ዳር ቱሪስት አሳፍሮ ወደ ዘጌ ገዳማት ይወስዳል። በ2012 ኮሮና ሲገባ ፈረንጁ ጠፋ። ኮሮናው ረገብ ሲል ደግሞ ጦርነቱ ተከተለ። ጀልባው ቆመ፤ የቤት ኪራይ ግን አይቆምም።

ጫት ድሮም አልፎ አልፎ ይቅም ነበር። ያኔ ግን የቀን ውሎው ሆነ። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ለጨብሲ፣ ማለትም የጫቱን ምርቃና ለመስበር፣ አረቄ። ጫቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፤ እንቅልፍ እንዲመጣለት ይጠጣል፤ ጠዋት ድብርት፣ ከዚያ እንደገና ጫት። ምርቃናው ላይ ሳለ ብቻ ፊቱ ይፈታል። ልጆቹን ያጫውታል፣ ወደፊት ስለሚገዛው ጀልባ ያወራል። ጭንቀቱ ለቀቅ የሚያደርገው በዚያች ሰዓት ነበር። ታዲያ በምክር እንዴት ይተወው?

ምርቃናው ሲወርድ ቤቱ ይናወጣል። ትንሹ ልጄ የአባቱን ኮቴ ሲሰማ ደብተሩን አጥፎ አልጋ ሥር ይገባል። አልጋ ላይ መሽናት ከተወ ቆይቶ ነበር፤ እንደገና ጀመረ። ሆዴን አመመኝ እያለ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ሐኪም አይቶት ምንም በሽታ አላገኘበትም። ልጅ ጭንቀቱን በአፉ መናገር ሲያቅተው በሆዱ እንደሚናገር ያስረዱኝ ያኔ ነው። እኔም በጨጓራ እንገላታ ነበር።

ዘጌ ላለችው ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ጥላ ተሳልኩ። ጣና ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ዑራ ግን ራሴ ገብቼ ማልቀስ እችላለሁ። ለንስሐ አባታችን «አባ፣ ጫቱን እንዲያስተወው ይጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ጫቱማ ቅጠል ነው። ፍርሃቱን እንዲያነሳለት እንለምን» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸሎቴ ተለወጠ።

አንድ ሌሊት ራሱን ይዞ ጮኸ። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው የደም ግፊቱ 180 በ110 ነበር። ነርሷ ረጋ ብላ አስረዳችው። ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥር ይጠብባል። ጫትም በዚያው ላይ ይጨምርበታል። ዝም ብሎ ሰማት። ከዚያ እጄን ያዘና «ፈርቻለሁ። ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ?» አለኝ። አብረን ስንኖር ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። ጸሎቴ እንደተሰማ ያወቅሁት እዚያ ነው፤ ጫቱን ገና ሳይተው።

ንስሐ ገባ። አባም «ጠበሉንም ጠጣ፣ ኪኒኑንም ዋጥ» አሉት። ቀላል አልነበረም። ሀራራው ያንቀጠቅጠዋል። ሌሊት ዱካክ፣ ጫት ሲተው የሚመጣው ቅዠት፣ ይመጣበታል፤ በላብ ተነክሮ ይነሳል። ተነሥቼ አቡነ ዘበሰማያት አብሬው እደግማለሁ። የሚቅሙት ጓደኞቹ ደውለው ደውለው ተዉት።

የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ጥላውን ይዘን ከነልጆቻችን ዑራ ገባን። ባለቤቴ አሁን ዓሣ ይነግዳል። ገቢው የጀልባውን ያህል አይደለም፤ የግፊት ኪኒኑንም አላቋረጠም። ልጄ ሆዴን ማለት ትቷል። ሥጋት ሲመጣበት ባለቤቴ «ዛሬ ከብዶኛል» ይለኛል፤ አብረን እንጸልያለን። ፍርሃቱን ላነሳለት አምላክ፣ ለእናቱም ለእመቤቴ ኪዳነ ምሕረት ምስጋና ይድረሳቸው።