ከርክክብ በኋላ ያለው ሥራ

በሶፍትዌር ሙያ ረጅም ዘመን ከቆየሁ በኋላ አንድን ፕሮግራም የምመዝነው በምረቃው ቀን በሚያሳየው ብልጭታ ሳይሆን በአምስተኛው ዓመት በሚሰጠው አገልግሎት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግን ገንዘቡም ጭብጨባውም መጀመሪያው ላይ ያልቃል። ጨረታ ይወጣል፣ አሸናፊው ይለያል፣ ፕሮግራሙ ይሠራል፣ ለሠራተኞች የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይሰጣል፣ የርክክብ ሰነድ ይፈረማል። ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ በጀት የያዘ፣ ኃላፊ የመደበ፣ በውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ያስገባ መሥሪያ ቤት እምብዛም አላጋጠመኝም። ባለጉዳይ በየመስኮቱ የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚል መልስ መብራት ወይም ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የጠፋው ፕሮግራሙን የሚያውቅ ሰው ነው።

መኢር ሌማን የተባለው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር፣ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ያለማቋረጥ ካልተስተካከለ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ጥቅም እየቀነሰ እንደሚሄድ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ኮዱ፣ ማለትም ፕሮግራሙ የተጻፈበት ትእዛዝ፣ ባለበት ይቆያል፤ የሚለወጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ከሌሎች ከተሞች አስቀድሞ በድሬዳዋ አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ የስልክ ቁጥሮች መጡ፤ በ09 ያልጀመረ ቁጥር እንዳይቀበሉ ተደርገው የተሠሩ ፕሮግራሞችም የደንበኛን ትክክለኛ ቁጥር «ስህተት» እያሉ መመለስ ያዙ። ማስተካከያው የአንድ መስመር ሥራ ነው። ያንን መስመር የሚነካ ሰው ባልነበረበት አንድ ቢሮ ግን ሠራተኞቹ ቅጹን ለማለፍ ሲሉ የዘመድ ቁጥር እየሞሉ ሲመዘግቡ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የመዝገቡ ተአማኒነት እንዴት ይመለሳል?

ይህን ጉዳይ ድሬዳዋ ከማንም በላይ ልትረዳው ይገባል። ከተማዋ የተቆረቆረችው የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ነው፤ የምድር ባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕም የነበረው እዚሁ ነው። በልጅነቴ በሰፈራችን ስማቸው ይነሣ የነበረው ሐዲዱን የዘረጉት መሐንዲሶች ሳይሆኑ፣ ሞተር ፈትተው የሚገጥሙትና በገበያ ያልተገኘውን መለዋወጫ በቶርኖ ቀርጸው የሚያወጡት ጠጋኞች ነበሩ። ጥገና የሙያው ቁንጮ እንጂ አዲስ ሥራ ላላገኘ ሰው የሚሰጥ መጽናኛ አልነበረም። በእኛ ሙያ ግን ወጣት ባለሙያ «ጥገና ላይ ተመደብኩ» ሲል ፊቱ ይጠቁራል፤ ደመወዙም የሚነግረው ይህንኑ ነው።

ስለምን እንደምናገር ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በድሬዳዋ፣ በመጋላ በኩል አንድ የጅምላ ነጋዴ የዱቤ ደንበኞቹን የሚመዘግብበት ፕሮግራም አለው። መጀመሪያ የተጻፈው ፎክስፕሮ በተባለ የመዝገብ ፕሮግራም መሥሪያ ነበር፤ ማይክሮሶፍት ለመጨረሻው የቪዥዋል ፎክስፕሮ እትም የሚሰጠውን ድጋፍ በ2015 እ.ኤ.አ. ካቆመም በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ያለ ችግር ሠርቷል። የግዕዝ ፊደል የዓለም ቋንቋዎችን ፊደላት በአንድ ወጥ ቁጥር በሚወክለው በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ የነጋዴው አሮጌ መዝገብ የተጻፈው እያንዳንዱ ፊደሎችን በራሱ ቁጥር በሚወክልባቸው የቀድሞ ፎንቶች ስለነበር፣ ወደ አዲሱ ዳታቤዝ ስናዛውር ስሞቹን አንድ በአንድ እያነበብን ማረጋገጥ ግድ ሆነብን። ዩቲኤፍ-8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ በባይት ተለክቶ 30 ቦታ የተሰጠው የስም ሳጥን የሚይዘው 10 ፊደል ብቻ ስለሆነ የአባት ስም መካከሉ ላይ ይቆረጣል። ለደንበኛ የሚላከው አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 የሚይዘው በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል፤ የዕዳ ማስታወሻው ረዘም ካለ ለሁለት መልእክት ያስከፍላል።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ፍለጋ ነበር። ሒሳብ ተቀባይዋ «ጋሼ፣ ሰውየው ፊቴ ቆሟል፤ ኮምፒውተሩ ግን የለም ይለኛል» ብላ ደወለች። ደንበኛው «ሙሐመድ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ እርሷ የጻፈችው «መሀመድ» ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ሐረሪ በአንድ መደብር በሚነገርበት ከተማ አንድ ስም በብዙ መልክ ይጻፋል፤ ከውጭ የሚመጣው ፕሮግራም ደግሞ ይህን አያውቅም። የሰውየውን ስም ራሱ እንደጻፈው ጠብቀን፣ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ አስቀመጥን፤ በቅጂው ውስጥ ሀ፣ ሐና ኀ አንድ ይሆናሉ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ፤ የመጀመሪያው ፊደል የድምፅ ልዩነትም፣ እንደ ሙና መ ያለው፣ አይቆጠርም። ይህን መፍትሔ ያገኘሁት ከሒሳብ ተቀባይዋ ጎን ወንበር ስቤ ግማሽ ቀን በመቀመጤ እንጂ ከማንኛውም የሥልጠና ቪዲዮ አይደለም። ተጠቃሚው አጠገብ መቀመጥን የሚተካ መሣሪያ እስካሁን አላየሁም።

የዘመን አቆጣጠራችንም ቢሆን ጌጥ ተደርጎ መታየት የለበትም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች፤ ዓመትን በ12 ወር ብቻ የሚያውቅ የሪፖርት ፕሮግራም በጳጉሜን የተሸጠውን ዕቃ የት እንደሚያስገባው ግራ ይገባዋል።

ሁሉንም ነገር ሩቅ ባለ ማእከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ የማስቀመጥ ልማድም ያሳስበኛል። የኢንተርኔት መስመሩ ሲቋረጥ ደረሰኝ መቁረጥ የማይችል የሽያጭ ፕሮግራም ለዚህ አገር አልተሠራም። ሽያጩ መደብሩ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ተመዝግቦ፣ መስመሩ ሲመለስ ወደ ማእከል ቢተላለፍ የሚጠፋ ነገር የለም። ባክአፕን (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂን) በተመለከተም ብዙዎች እንደ ልማድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያደርጉታል፤ ነጋዴያችን ግን ማታ ሲዘጋ ኤሌክትሪኩን ከቆጣሪው ያጠፋል። ስለዚህ ባክአፑ የሚወሰደው በቀትር፣ ሙቀቱ በርትቶ መደብሩ ለእረፍት ሲዘጋና ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ሲቀር ነው።

አዲስ ነገርን እጠላለሁ ማለቴ አይደለም። ኮድ የሚጽፉትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ፤ በተለይ ሌላ ሰው ጽፎት የሄደን አሮጌ ኮድ ለመረዳት ብዙ ያግዛሉ። የሚያሰጋኝ ማንም ያላነበበው ኮድ በብዛት መከማቸቱ ነው። በመጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮግራመር ባለሙያዎች ዝግጁ ኮድ ከሚጋሩበት፣ ኤንፒኤም ከተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ላይ የ11 መስመር ኮዱን ስላነሣ ብቻ በዓለም ዙሪያ በርካታ ሥራዎች ቆመው ነበር፤ ምክንያቱም ያ ትንሽ ቁራጭ በፕሮጀክታቸው ውስጥ መኖሩን እንኳ ያላወቁ ብዙዎች ነበሩ። ዛሬ እንዲህ ያለው ያልታወቀ ኮድ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሺህ መስመር ሊጨመር ይችላል። ጥያቄው ሲበላሽ ማን ስልኩን አንሥቶ ይመልሳል የሚለው ነው።

ስለ ሥራ ሕይወትም እንዲሁ ግልጽ አቋም አለኝ። ወጣቶች በዓመታቸው ወደ አዲስ አበባ ወይም ከአገር ውጭ ሲሄዱ አልወቅሳቸውም፤ ለቆየ ሰው የማይከፍል መሥሪያ ቤት የሚቆይ ሰው ሊጠብቅ አይገባም። ዕድሜ የገፋን ፕሮግራመር ሁሉ ወደ ኃላፊነት ወንበር የመግፋት ልማድም ሙያውን ያደኸየዋል፤ ብዙ ያየው ሰው ከኮዱ ሲለይ ያየው ነገር አብሮት ይሄዳል። ሌሊቱን ሲሠሩ ማደርን እንደ ጀግንነት መቁጠርም ሊቀር ይገባል፤ በደከመ ዓይን የተጻፈውን የሚያርመው በማግስቱ ሌላ ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜም ያ ሰው ምስጋና አያገኝም።

አሁን ውል ስፈርም የምጠይቃቸው ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከጠቅላላው ክፍያ አንድ ድርሻ ከርክክብ በኋላ ላሉት ሁለት ዓመታት ጥገና እንዲያዝ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ባለሙያ በዚያ ጊዜ ተጠሪ እንዲሆን፣ የኮዱ ምንጭ ሙሉ በሙሉ ለባለቤቱ እንዲሰጥ አስጽፋለሁ። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመውም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ያንን ኮድ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ፣ እኛ ሳንነካው፣ በራሱ እጅ ካስነሣው በኋላ እንዲሆን አደርጋለሁ።