ቲዩቡ አልነበረም

ባስማን የተባለው የጊታር አምፕ ሜሪላንድ ወዳለው መጠገኛችን የመጣው «ቲዩብ ይበላል» ተብሎ ነው፤ ቲዩብ ድምፁን የሚያጎላው፣ አምፖል የሚመስለው የመስታወት ዕቃ ነው። ባለቤቱ ዋሽንግተን አካባቢ በሀበሻ ምሽት ቤቶችና በሰርግ ላይ ጊታር የሚጫወት ልጅ ነው። አምፑ ፌንደር ከ1990 ጀምሮ እንደገና ያመረተው የ'59 ባስማን ነው፤ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር፣ ሁለት ፓወር ቲዩብ፣ ቢጫማ የጨርቅ ልባስ። ከሁለቱ ፓወር ቲዩቦች አንዱ አምፑ በበራ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ፕሌቱ ይቀላል። መሐል ላይ የሚያበራውን ፋይለመንት ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሁልጊዜም ይበራል። የሚቀላው ዙሪያውን ያለው ግራጫ ብረት ነው። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ያጥፋ። ፊውዙ ካልቀደመ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ይቀድማልና።

ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሌላ ቦታ ተሠርቷል። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ የሠራው ሰው ግን ሥራውን ያውቀዋል። መጀመሪያ «ማችድ ጥንድ ስለሆነ ባያስ አያስፈልገውም» ብሎ አዲስ 6ኤል6ጂሲ ፓወር ቲዩቦች ሰካለት። ባያስ ማለት ቲዩቡ ሳይጫወት በቆመበት ስንት ከረንት እንደሚስብ የሚወስነው ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ነው። ቀጥሎ «የድሮውን ድምፅ ላምጣልህ» ብሎ ድምፁን ለሁለት ከሚከፍለው ቲዩብ፣ ከፌዝ ኢንቨርተሩ፣ ወደ ፓወር ቲዩቦቹ ድምፁን የሚያሻግሩትን ሁለት የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች አወጣና በ1950ዎቹ የተመረቱ፣ ወረቀትና ዘይት የሆኑ ካፓሲተሮች ተካባቸው። ልጁ ስለ ቲዩቦቹ በምሬት፣ ስለ ካፓሲተሮቹ ደግሞ በኩራት ነው የሚያወራው። ከቲዩቦቹ በላይ ገንዘብ የወጣባቸው እነሱ ናቸው።

ማችድ የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሁለቱ ቲዩቦች በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ሲለኩ እኩል ከረንት ይስባሉ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። አንተ አምፕ ውስጥ ስንት ሚሊአምፔር እንደሚስቡ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። ይህ ባስማን ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ባያሱ በአንድ ሬዚስተር የተወሰነ ነው፤ የሚዞር ነገር የለውም። ስለዚህ ቲዩብ የቀየረ ሰው ካልለካ ምንም አያውቅም።

ዋናውን ባለሙያችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ፒያሳ የቲዩብ ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። አምፑን ከፍተው መጀመሪያ ያደረጉት ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሁለቱን ፓወር ቲዩቦች ቦታ አቀያየሩ። ቅላቱ ቲዩቡን ተከትሎ ወደ ሌላው ሶኬት ከሄደ ጥፋቱ የቲዩቡ ነው። እዚያው ሶኬት ላይ ከቀረ ግን ቲዩቡ ንጹሕ ነው፣ የሚገድለው ሰርኪዩቱ ነው። እዚያው ቀረ። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ በቂ ነው። ቲዩብ በቲዩብ ላይ ሲሸጥለት የከረመ ሰው ይህን አንድ ደቂቃ የሚሰጠው አለማግኘቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው በእጅ የሚገባበት ሥራ ነው። አምፑ ከተነቀለም በኋላ ፊልተር ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የ10 ኪሎ ኦም፣ 10 ዋት ሬዚስተር ባለ መንከሻ ገመድ ላይ በይደን እናስቀምጣለን። አንዱን ጫፍ ቻሲው (የአምፑ የብረት አካል) ላይ፣ ሌላውን የመጀመሪያው ፊልተር ፖዘቲቭ ላይ ነክሰን አሥር ሰከንድ ያህል እንጠብቅና በቴስተር እናረጋግጣለን። በዊንዲቨር ብልጭ የሚያደርጉ አሉ። ካፓሲተሩንም ዓይናቸውንም ይጎዳሉ።

በሁለቱ ቲዩቦች 8ኛ እግርና በቻሲው መካከል አንድ አንድ ኦም ሬዚስተር አስገባን። በአንድ ኦም ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ሚሊቮልት አንድ ሚሊአምፔር ስለሆነ ሒሳብ አያስፈልገውም። ቁጥሩ ስክሪን የተባለው የቲዩቡ ሌላ ክፍል የሚስበውንም ይጨምራል፤ ጥቂት ሚሊአምፔር ነው፣ ወደ ጥንቃቄው ስለሚያደላ እንተወዋለን። አንዱ 36 አሳየ፣ የሚቀላው 74። ፕሌቱ ላይ 440 ቮልት ገደማ አለ። 440 በ0.074 ሲባዛ ከ32 ዋት ይበልጣል፣ የ6ኤል6ጂሲ ጣሪያ ደግሞ 30 ዋት ነው። ያውም ምንም ሳይጫወት፣ ዝም ብሎ በቆመበት።

አጥፍተን ሁለቱንም ቲዩቦች አወጣንና እንደገና አብርተን የሁለቱን ሶኬቶች 5ኛ እግር ለካን። ባያሱ የሚያርፍበት፣ ከረንቱን የሚቆጣጠረው ግሪድ ነው። የ5ኤፍ6-ኤ፣ ማለትም የድሮው ባስማን፣ የሰርኪዩት ሥዕል እዚያ ላይ ኔጋቲቭ 48 ቮልት ይላል። አንዱ ሶኬት 48 ሰጠ፣ ሌላው 38። ቲዩብ ሳይኖር ልዩነቱ ከቀጠለ የቲዩቡ የግሪድ ከረንት አይደለም። የሚቀሩት ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው፤ ባያሱን ወደ ግሪዱ የሚያደርሰው የ220 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና ካፓሲተሩ። ሬዚስተሩ አምፑ ጠፍቶ ሲለካ ትክክል ነው፣ ብየዳውም አልተሰነጠቀም።

ልጁ ከጀርባ ቆሞ ይከታተል ነበር። ጋሼ መበየጃውን ወደ ካፓሲተሩ ሲያስጠጉ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ እባክዎ እነሱን አይንኩብኝ። ድምፁ እኮ ከእነሱ ነው የሚመጣው።»

«ልጄ፣ የመጀመሪያው ባስማን ከፉለርተን ፋብሪካ ሲወጣ ውስጡ የነበረው ካፓሲተር ያኔ አዲስ ነበር። በ1959 የገዛው ሙዚቀኛ ስልሳ ዓመት የሞላው ዕቃ አልገዛም።»

«እሺ፣ ታዲያ ሰዉ ለምን በዚህ ዋጋ ይገዛቸዋል?»

ጋሼ ለዚህ መልስ አልሰጡትም። የካፓሲተሩን በግሪዱ በኩል ያለውን ጫፍ ብቻ ፈትተው አነሡት፣ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርገው ቀዩን ገመድ ጫፉ ላይ ነከሱት፣ ጥቁሩን ቻሲው ላይ። አምፑን አብርተው ቴስተሩን በእጁ ሰጡት። ጤነኛ ካፓሲተር ለአፍታ ይዘልና ወደ ዜሮ ይወርዳል። ይኸኛው ወጣ፣ ወጣና 140 ቮልት ላይ ቆመ።

«ስንት ይላል?»

«መቶ አርባ።»

«ስንት ማለት ነበረበት?»

ልጁ ዝም አለ። ጋሼም አላፋጠጡትም፤ ቀስ ብለው አስረዱት። የዚህ ካፓሲተር ሥራ ሁለት ነው፤ ድምፁን ማሳለፍ፣ ከፌዝ ኢንቨርተሩ ፕሌት የሚመጣውን ሁለት መቶ ምናምን ቮልት ዲሲ ማቆም። የመጀመሪያውን ይሠራል፣ ለዚህ ነው አምፑ ጥሩ የሚሰማው። ሁለተኛውን ትቷል። በወረቀቱ ውስጥ ዓመታት ያስገቡት እርጥበት 45 ማይክሮአምፔር ያህል ያሳልፋል። ይህች ትንሽ ከረንት በ220 ኪሎ ኦሙ ውስጥ ስታልፍ አሥር ቮልት ትሠራለች፣ አሥሩ ቮልት የግሪዱን ባያስ ይበላል፣ ቲዩቡም ልጓም እንዳጣ ፈረስ ይጋልባል። የሸጠለት ሰው በካፓሲታንስ መለኪያ ለክቶት ይሆናል። ያ መለኪያ የሚሰጠው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ ካፓሲተሩ 0.1 ብሎ ጤነኛ መስሎ ይታያል። መፍሰሱ የሚወጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያርፍበት ነው።

«ሁለተኛው ግን ደህና ነው አይደል? እሱን ይተዉልኝ» አለ።

ያም ተለካ። ሃያ ቮልት ገደማ አሳየ። አሁን የሚያመጣው ጉዳት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ግን አምፑ ሲሞቅና ክረምት ከበጋ ሲፈራረቅ የዛሬው ሃያ ከፍ ይላል። ጋሼ ሁለቱንም አወጧቸው፣ በፖስታ አድርገው ሰጡት። በምትካቸው ዘመናዊ የፖሊፕሮፒሊን 0.1 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት ገባ። ቮልቱ ላይ ቆጣቢ መሆን አይገባም። ይህ አምፕ ሬክቲፋየሩ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ክፍል) ቲዩብ ሳይሆን ሶሊድ ስቴት ስለሆነ ሲበራ ቲዩቦቹ ሳይሞቁ ሙሉው ቮልቴጅ ይደርሳል። ካፓሲተሩ በአንድ በኩል ከ400 በላይ፣ በሌላ በኩል ኔጋቲቭ 48 ይገጥመዋል። ባለ 400 ቮልት ካፓሲተር እዚያ ቦታ አይቆይም።

ሁለቱ ግሪዶች 48 ላይ ተገናኙ። ቲዩቦቹ 36 እና 37 ሚሊአምፔር ሳቡ።

ከዚህ ወዲያ ጥገናው አልቋል፣ ግን ባያሱን የሚስተካከል ሳያደርጉ ይህን አምፕ መመለስ ለቀጣዩ ቲዩብ ሻጭ አሳልፎ መስጠት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በባያስ መስመሩ ላይ ወደ ግራውንድ የሚወርደው ሬዚስተር በድሮው ንድፍ 56 ኪሎ ኦም ነው፤ የራስህን አምፕ ለክተህ አረጋግጥ። እሱን አውጥተህ 39 ኪሎ ኦም ቋሚ ሬዚስተርና 25 ኪሎ ኦም ትሪመር (የሚዞር ሬዚስተር) በተከታታይ ታስገባለህ። ከ39 እስከ 64 ድረስ ይዞራል። ሬዚስተሩ ሲጨምር ግሪዱ የበለጠ ኔጋቲቭ ይሆናል፣ ከረንቱ ይቀንሳል። ቋሚው 39 የተቀመጠው ትሪመሩ ዜሮ ላይ ቢደርስ እንኳ ባያሱ ጨርሶ እንዳይጠፋ ነው። ሌላም መረሳት የሌለበት ነገር አለ፤ የትሪመሩን መሐለኛ እግር ከአንዱ ዳር እግር ጋር አገናኘው። ከጊዜ በኋላ መሐለኛው ግንኙነቱን ቢያጣ ሙሉው 25 ኪሎ ኦም ይገባና ቲዩቦቹ ይቀዘቅዛሉ እንጂ አይቃጠሉም። መጀመሪያ ሲበራ ትሪመሩ ከፍተኛው ላይ ሆኖ፣ ቴስተሩን እያዩ ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። 38 ላይ ተውነው፤ ከ16 ዋት ትንሽ ያልፋል። ነገ 23 ዋት ጣሪያ ያለው 5881 ቢሰካበት እንኳ ዘና ብሎ ይይዘዋል።

ልጁ አምፑን ሞክሮ «ጥሩ ነው» አለ፣ ፊቱ ግን አልፈታም። ያወጣው ገንዘብ በፖስታ ውስጥ ነው። ጋሼ «ምን እንዲሆንልህ ነው የምትፈልገው?» ብለው ጠየቁት፤ ስለ ዕቃ ሳይሆን ስለ ድምፅ። ያኔ ነው በግልጽ የተናገረው። በአምባሰልና በትዝታ ላይ ነጠላ ኖታ ሲጫወት ጥርት ብሎ እንዲወጣ ይፈልጋል፤ ቮልዩሙ 4 ላይ ሲደርስ ይሰነጠቅበታል፣ ከዚያ በታች ሲያደርገው ደግሞ ነፍስ ያጣል።

ጋሼ ከመሳቢያ 12ኤዋይ7 አወጡ። የድሮው 5ኤፍ6-ኤ የመጀመሪያው ሶኬቱ ላይ ይህ ቲዩብ ነበረው፤ አዲሱ ግን 12ኤኤክስ7 ተሰክቶለት ነው የሚሸጠው። እግራቸው አንድ ነው፣ ባያስ አይነካም፣ ብየዳ የለም። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት መጠን 100 ሲሆን የ12ኤዋይ7 44 ነው። ጊታሩ ቀጣዩን ደረጃ አይገፈትረውም፣ የቮልዩሙ ጉዞ ይረዝማል። ባስማን እስከ 12 የሚቆጥር ቁልፍ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ12ኤዋይ7 እስከ 6 እና 7 ድረስ ንጹሕ ሆኖ ሲሄድ ይሰማል። አጭር ገመድም አመጡና ጊታሩ ከተሰካበት ቻናል ሁለተኛ መግቢያ ወደ ሌላው ቻናል የመጀመሪያ መግቢያ አገናኙለት። ብራይቱና ኖርማሉ ተደባለቁ፤ አሁን ሁለቱን ቮልዩሞች እንደ ቶን መጠቀም ይቻላል።

ልጁ ትዝታ ጀመረ። እጁ ተፈታ፤ ሱቁ ውስጥ ያለን ሁሉ ሥራ አቆምን።

ይህን የምለው ሳልደብቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስንለካ ውለን ልጁን ያስደሰተው ምንም ያልተለካበት፣ በእጅ ተነቅሎ በእጅ የተሰካ አንድ ቲዩብ ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ለክርክር አልተዘጋጁም። «ያ ባይለካ ይህ አይሰማም ነበር» አሉኝና ወደ ሌላ ሥራ ሄዱ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም። መጀመሪያ አምፑን በወሰደበት ቦታ ምን ድምፅ እንደሚፈልግ የጠየቀው ሰው ቢኖር ኖሮ ካፓሲተሮቹን አይገዛም ነበር።

የድሮውን ነገር መፈለጉ ስሕተት አይደለም። ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ በ1962 ጄቲኤም45 የተባለውን የማርሻል አምፕ ሲሠራ የተነሣው ከዚሁ ከባስማን 5ኤፍ6-ኤ ነው። ያ ሰርኪዩት በቅጂ ያን ያህል የሄደው ንድፉ ጥሩ ስለሆነ ነው፤ ንድፉ ደግሞ አዲሱ አምፕ ውስጥም አለ። ባለቤቱ የሚጨምርለት ነገር ካለ ቲዩብ፣ ባያስና ስፒከር ላይ ይጨምር። አራቱ ስፒከሮች ባለ 8 ኦም ሆነው በፓራለል ስለተገናኙ 2 ኦም ይሆናሉ፤ አንዱን ብቻ በሌላ ኦም መተካት ሁሉንም ያዛባል።

ልጁ በኋላ ደውሎ በሶሊድ ስቴቱ ሬክቲፋየር ቦታ ጂዜድ34 ቲዩብ እንዲሰካለት ጠይቋል። በ2004 የወጣው ኤልቲዲ የተባለው ዓይነት እሱን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሲመቱት ትንሽ ጎንበስ ብሎ የመነሣት ስሜት ይሰጣል። እንሠራለታለን። ቮልቴጁ ዝቅ ስለሚል ፕሌቱም ባያሱም እንደገና ይለካሉ፤ አንድ አንድ ኦሞቹን እዚያው የተውናቸው ለዚህ ነው።