ኮቴ አጋለጠኝ፦ ጉብጠቴን ለማቃናት የአራት ወር ማስታወሻ

ለጎባጣ ደንበኛ የኮቱን ጀርባ ማስረዘም እንዳለብን ልብስ ሰፊ ሁሉ ያውቃል፤ አለዚያ ከኋላ ይሰቀላል። ዘንድሮ ለራሴ ስሰፋ ከድሮው ልኬ 2 ሳንቲ ሜትር አስረዘምኩ። 14 ዓመት የስፌት መኪና ላይ አንገት መድፋት ዋጋው ይኸው!

እናቴ ወደ ወጌሻ ልትወስደኝ ነበር፤ እኔ ግን መጀመሪያ ራጅ ተነሣሁ። የላይኛው ጀርባዬ 50 ዲግሪ ጎብጧል። ከ20 እስከ 45 አካባቢ ያለው እንደ ጤነኛ ይቆጠራል። በሆዴ ስተኛ ስለሚቃና፣ አጥንቶቹም ሽብልቅ ስላልሆኑ፣ የአቀማመጥ ነው ተባልኩ። በጉርምስና የሚጀምረው የሾየርማን ጉብጠት ግን ሲተኙም አይቃናም፤ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ የጀርባ ድጋፍ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ከ70 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ቀዶ ጥገና ሊታሰብ ይችላል።

የመጀመሪያ ወር፦ ከንቱ። ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ፤ ለካ የማጠፈው ወገቤን ኖሯል፤ በሁለተኛው ሳምንት ወገቤ ታመመ። ትከሻ ወደ ኋላ የሚስብ ላስቲክም ገዝቼ ነበር። ሳወልቀው እንደገና ስለምጎብጥ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው።

ሁለተኛ ወር ላይ ፊዚዮቴራፒስቷ አረመችኝ። ጋቢ ጠቅልዬ ከትከሻ አጥንቶቼ ሥር አግድም አደርግና በጀርባዬ ተኝቼ እጆቼን ወደ ራስጌ እዘረጋለሁ፤ ጉልበቴን ስለማጥፍ ወገቤ አይነሣም። ከዚያ በሆዴ ተገልብጬ ደረቴን በትንሹ ከምንጣፉ አነሣለሁ። አገጭ ወደ ኋላ መሳብ ደግሞ ክር እስካስገባ ድረስም ይሠራል።

ሥራ ቦታም ለውጫለሁ። ከመኪናው የኋላ እግሮች ሥር ጣውላ ስላስገባሁ ወደ እኔ ዘንበል ብሏል፤ ስፌቱን ለማየት አልደፋም። ዝምዘማና ቁልፍ መትከል ከጭኔ ላይ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ወጥተዋል፤ ቆሜ ነው የምሠራው።

መለኪያዬ ግድግዳ ነው። ተረከዜንና ጀርባዬን አስጠግቼ ስቆም ማጅራቴ ከግድግዳው 7 ሳንቲ ሜትር ይርቅ ነበር፤ አሁን 4 ነው። የበዓል ሰሞን ትእዛዝ ሲበዛ ግን ወደ 5 ተመልሶ ነበር።

አንድ ነገር፦ ጀርባችሁ ላይ ሹል ጉብታ ካወጣችሁ፣ ሌሊት ካላባችሁ፣ ከከሳችሁ ወይም እግራችሁ ከዛለ ጋቢ መጠቅለሉን ትታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ እሱን መታሸት አያድነውም፣ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው።

የሚቀጥለውን ኮት ጥቅምት ላይ እቆርጣለሁ፤ ጀርባውን ስንት እንዳስረዘምኩ ያኔ እጽፋለሁ።