ዴቢያንን ለጀማሪ ለማቅለል የሰራሁት ነገር

ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ለጀማሪ ይከብዳል ሲባል ሁሌ የሚወቀሰው ተርሚናሉ፣ ትእዛዝ በጽሁፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው፣ እኔ ግን ሰዎች ዴቢያን የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ሲጭኑ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ምንም ሳልናገር (ዝም ማለቱ ራሱ ፈተና ነው) ሳያቸው አብዛኞቹ ተርሚናል ጋ ሳይደርሱ ነው የሚሰለቹት።

ለምሳሌ የሩት፣ የሲስተሙ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት ፓስወርድ። ኢንስቶለሩ (ዴቢያንን የሚጭነው ፕሮግራም) አስገባ ይልሃል፣ ፓስወርድ ተጠይቆ ባዶ የሚያልፍ ጀማሪ ደሞ የለም፣ ነገርዬው ግን ባዶ ስትተወው ነው ሩት ተዘግቶ ያንተ ዩዘር የሱዱ መብት (ትእዛዝን በአስተዳዳሪ ስልጣን የማስኬድ) የሚያገኘው፣ ከሞላኸው ተጭኖ ካለቀ በኋላ የመጀመሪያዋን ሱዱ ስትጽፍ አልተፈቀደልህም ትባላለህ። እዛው ስክሪን ላይ ተጽፏል እኮ፣ ግን ማን ያነባል?

ስለዚ መመሪያ ማስረዘሙን ትቼ ጥያቄ መቀነስ ላይ ገባሁ። ዴቢያን ፕሪሲድ የሚባል ነገር አለው፣ መልሶቹን ቀድመህ ተራ የጽሁፍ ፋይል ላይ ትጽፍና ለኢንስቶለሩ ትሰጠዋለህ፣ እሱም የተመለሰለትን ዘሎ የቀረውን ብቻ ይጠይቃል። ሩትን ዘጋሁት፣ ዶሜይን፣ ፕሮክሲ፣ ሚረር ምናምን የሚሉትን የኔትወርክና የማውረጃ ጥያቄዎች መለስኩለት፣ ዴስክቶፑንም (የስክሪኑን መልክና አሰራር) እኔው መረጥኩ፣ አንዱንም አይቶ የማያውቅ ሰው ምረጥ መባሉ ግፍ ነው።

ፓርቲሽኑን፣ ማለትም የዲስኩን አከፋፈል ግን ሆን ብዬ አልነካሁትም። እሱም አውቶማቲክ መሆን ይችላል፣ ያ ማለት ግን የሰው ፎቶና ዶክመንት ያለበትን ዲስክ ሳይጠይቅ የሚያጠፋ ፍላሽ መስራት ነው፣ ፍላሽ ደሞ ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ማን ጋ ደርሶ ምን ላይ እንደሚሰካ አታውቅም።

ዋይፋይ ላይ ብዙም አልደከምኩም፣ ከዴቢያን 12 (2023) ወዲህ ነጻ ያልሆኑት ፈርምዌሮችም (እንደ ዋይፋይ ካርድ ያሉ እቃዎች እንዲሰሩ የሚያስፈልጓቸው ፋይሎች) ከኢንስቶለሩ ጋር አብረው ስለሚመጡ ለብቻ የመፈለግ የድሮው ጣጣ አብዛኛው ቀርቷል።

ፕሪሲድ ምንም የማይረዳው ኢንስቶለሩ ከመነሳቱ በፊት ባለው ነገር ነው፣ በተለይ ከዊንዶውስ ጎን መጫን ለሚፈልግ ሰው። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ ከሆነ ሪከቨሪ ኪዩን፣ ማለትም መክፈቻ ቁጥሩን ሌላ ቦታ መያዝ አለበት፣ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ቶሎ ማስነሻም ማጥፋት አለበት፣ አለዚያ ዊንዶውስ ሹትዳውን ሲባል በደንብ ሳይዘጋ ፓርቲሽኑን እንደያዘ ይተኛል። ይሄን በአንድ ገጽ ጻፍኩና ፕሪንት አደረግኩት፣ ሰው መመሪያውን የሚከፍተው እዛው ሪስታርት ሊያደርገው ባለው ላፕቶፕ ላይ ነዋ! ቡት ሜኑን (ላፕቶፑ ከፍላሹ እንዲነሳ የሚመረጥበትን ዝርዝር) የሚከፍተው ቁልፍ እንደ ላፕቶፑ ስለሚለያይ እሱ ጋ ባዶ ቦታ ትቻለሁ፣ ፍላሹን የሚሰጠው ሰው በእስክሪብቶ ይሞላዋል።