«ወራጅ አለ» እስክል ድረስ፦ የስምንት ሳምንት ማስታወሻ

ቤተሰቦቼ ደሴ ናቸው፤ እኔ የምማረው ኮምቦልቻ ነው። አራተኛ ዓመት ኢንጂነሪንግ። በሐረጎ ቁልቁለት ስመላለስ ሦስት ዓመት ሞላኝ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ሚኒባስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ብዬ አላውቅም ነበር። ሌላ ሰው ሲወርድ አብሬ እወርድና የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ጥቅምት ላይ ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። እዚህ መሐላችን ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቀው ብዙ ልጅ እንዳለ አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማካፍላችሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በተሳሳተ መንገድ ሄድኩ። ችግሬ «ማውራት አለመቻል» ነው ብዬ ስለደመደምኩ ወሬ እንዴት እንደሚጀመር፣ እጅ የት እንደሚቀመጥ ቪዲዮ እያየሁ ሸመደድኩ። ከዚያ የግሩፕ ፕረዘንቴሽን መጣ። ድርሻዬን ቃል በቃል በቃሌ ያዝኩ፣ ወረቀቱንም ጨበጥኩ። መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋኝ፤ ድምፄ ተዘጋ። የግሩፓችን ልጅ ጨረሰልኝ። ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ግን ሌሊቱን ዶርም ውስጥ ያንኑ ደቂቃ ስመላልስ ነጋ።

ቅዳሜ ደሴ ወጣሁ። እናቴ ለቅሶ ቤት ስለነበረች ለጎረቤቶች ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነበርኩ። አንዷ ልጇን ወደ አረብ አገር ከሸኘች ገና ሳምንቷ ነው፤ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ስለ ልጇ ጠየቅኳት። መጀመሪያ በአጭሩ መለሰችልኝ፤ ቶናው ላይ ስንደርስ ከልቧ ታወራ ነበር። ሌላዋ ወሬውን ስታቋርጣት ቀስ አድርጌ መለስኩላት። በረካው ተጠጥቶ ሰው ሲነሳ ሲኒ እያጠብኩ አንድ ነገር ገረመኝ፦ ማን ዝም እንዳለ ማየት፣ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ ወሬ ማስቀጠል። በቪዲዮ ልማረው የፈለግኩት ይሄንኑ አልነበረም? ታዲያ ግቢ ስገባ የት ይሄዳል?

መልስ ፍለጋ ማንበብ ጀመርኩ። ራፔ እና ሊም የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ማኅበራዊ ፍርሃት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰዎች ንግግር እንዲያደርጉ አደረጉ። ተናጋሪዎቹ ለራሳቸው ነጥብ ሰጡ፤ አድማጮችም ሰጧቸው። ሁሉም ራሱን ዝቅ የማድረግ ነገር ቢታይበትም፣ ፈሪዎቹ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ አድማጭ ከሰጣቸው በጣም ያነሰ ነበር። ክላርክ እና ዌልስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ነገሩን እንዲህ አስረዱት፦ ፍርሃት ሲመጣ ትኩረታችን ከሰውየው ይነሳና ወደ ራሳችን ይዞራል። ልቤ መታ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ምን መሰልኩ እያልን ራሳችንን እንጠብቃለን። ወረቀት ጨብጦ ማንበብ፣ ዓይንን መስበር፣ በቃል መሸምደድ ለጊዜው የሚያድነን ይመስላል፤ ግን ፍርሃቱን ያቆየዋል። ይሄንን ሳነብ ፕረዘንቴሽኔን ያየሁት ያህል ተሰማኝ። ቡና ላይ ዓይኔ ጎረቤቴ ላይ ነበር። ክፍል ውስጥ ግን ራሴ ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ «ችሎታው አለህ፣ ፍርሃት ብቻ ነው» የሚለውም ሙሉ እውነት አይመስለኝም። ቡና ላይ ማንም ሰው እንዴት እንደሚገባ አይጨነቅም። «ኖር» ተብሎ ቦታ ይለቀቅለታል። ላውንጅ ውስጥ ግን የሞቀ ወሬ መሐል ራስህ መግባት አለብህ፤ አልስማማም ማለት አለ፤ ተሰናብቶ መነሳትም አለ። እነዚህን ሦስት ዓመት ስሸሻቸው አልተለማመድኳቸውም። እና በእውነት አልችላቸውም ነበር። ፍርሃቱ ያለኝን ችሎታ ደበቀብኝ፤ ሽሽቱ ደግሞ የሌለኝን እንዳልማር አደረገኝ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ልምምድ አይፈልጉም።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ልናገር። ልጅ ሆኜ «አንገቷን የደፋች ጨዋ» እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሙገሳው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጨዋ ሰው ዝም ሲል ውስጡ ሰላም ነው። እኔ የምለው እያለኝ ነበር ዝም የምለው፣ ልቤ እየደለቀ። ያንን ማንም አላየውም፤ ይሉኝታ ነው ተብሎ ታለፈ።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊትና በኋላ ፍርሃቴን ከ100 እየመዘንኩ ጻፍኩ። ምን እንደምፈራም በአንድ መስመር። መጀመሪያ ሰኞ ገበያ ሄጄ ሳልገዛ ዋጋ ብቻ መጠየቅ ነበር። 70 ብዬ ጻፍኩ፤ «ሻጩ ይቆጣኛል»። ጠይቄ «ይቅርታ፣ አሁን አልገዛም» ስለው «አብሽሪ እቴ፣ ሌላ ቀን ትወስጃለሽ» አለኝ። ሦስተኛው ሱቅ ላይ 30 ደረሰ።

በሰባተኛው ሳምንት ሁለተኛው ፕረዘንቴሽን መጣ። ወረቀቱን ትቼ አራት ቃል ብቻ የጻፍኩበት ካርድ ያዝኩ። የዶርሜ ልጅ በስልኳ ቀረጸችኝ። ቪዲዮውን ከማየቴ በፊት ምን እንደማይ ጻፍኩ፦ የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ የሚሰበር ድምፅ፣ አንድ ደቂቃ የፈጀ ዝምታ። እጄ አይታይም። ዝምታው አራት ሰከንድ ነው። ድምፄም ደህና ነው። ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር ግን አየሁ፦ እፈጥናለሁ፣ የዓረፍተ ነገሬን መጨረሻ እውጠዋለሁ። ይሄ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ በልምምድ ይስተካከላል። ይሄንን ቪዲዮ ሁላችሁም ብትሞክሩት ደስ ይለኛል። የምትፈሩትንና በእርግጥ የሚጎድላችሁን የሚለይላችሁ እሱ ነው።

ለድፍረት ብለው ጫት የሚቅሙ ልጆች አውቃለሁ። አልፈርድም፤ ግን በምርቃና የመጣ ድፍረት ከምርቃናው ጋር ይሄዳል፤ የተማራችሁት ነገር አይኖርም። ፍርሃቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ክፍል የሚያስቀራችሁ ወይም ኮርስ የሚያስጥላችሁ ከሆነ ደግሞ የኔ ደብተር አይበቃም። ሕክምና ያለው ነገር ነው፤ የግቢያችሁን የምክር አገልግሎት ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ አናግሩ።

ባለፈው እሁድ ከደሴ ስመለስ መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ አልሰማኝም። ደገምኩት። ሚኒባሱ ቆመ፤ አጠገቤ የነበሩት እናት ዘንቢላቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፉኝ። ደብተሬ ከመሳፈሬ በፊት 60፣ ከወረድኩ በኋላ 15 ይላል። የማላውቀው ሰው ጋ ስልክ መደወል ግን አሁንም 80 ላይ ነው። ለኢንተርንሺፕ ፋብሪካዎች ጋ መደወል አለብኝ። ሦስት ቁጥር ጽፌአለሁ፤ የመጀመሪያውን ማክሰኞ እደውላለሁ።