ጫማ የማይሸፍን በረዶ

ወገኖቼ፣ የጌታ ስም ይባረክ። ይህን ስጽፍ ሆዴ ገና አልረጋም፤ ነገሩ ቢዘበራረቅብኝ ታገሡኝ።

የታናሽ ወንድሜ ሁለቱም ኩላሊቶች ሥራ አቆሙ፤ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት ላይ ዋለ፤ እኔ ልሰጠው ተመርምሬ አይስማማም ተባልሁ፤ ስሙ በተጠባባቂዎች መዝገብ ገባ፤ ዓመታት አለፉ። ስልኩ የተደወለው እሑድ ማታ ነው።

«ከሟች የተገኘ ኩላሊት አለ። ምንም ሳይበላ ቶሎ ይምጣ» አለችኝ ነርሷ። ቀጥላም ደንቡ እንደሚያዝዘው ሌላ ተጠባባቂ መጠራቱን ነገረችኝ፤ የእኛ ሰው ካልደረሰ ወይም ደሙ ካልተስማማ ኩላሊቱ ወደዚያኛው ይሄዳል። ከሰው የወጣ ኩላሊት በቅዝቃዜ ተይዞ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ያህል ነው፤ ሐኪሞች ከ24 ሰዓት በታች ቢሆን ይመርጣሉ። ስልኩን ዘግቼ መጋረጃውን ስገልጥ በረዶ እየጣለ ነው።

ከባድ በረዶ ቢሆን ሰው ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀው ነበር። ይህ ግን ጫማ እንኳ አይሸፍንም። ክፋቱም እዚያው ላይ ነው፤ አየሩ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ስሱ በረዶ በጎማ ሥር ይቀልጥና መልሶ ይረጋል፤ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። በረዶውን ለማቅለጥ ጨው የሚበትነው መኪናም ከሌላው ጋር ተሰልፎ ይቀረቀራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 የአሜሪካዋ ከተማ አትላንታ ከ7 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ በረዶ ስትዘጋ፣ ሠራተኛውም ተማሪውም በአንድ ጊዜ ወደ ቤቱ በመውጣቱ መንገዱ ታንቆ በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤት አድረዋል። ስለዚህ «በዚህች በረዶ?» ብሎ የሚስቅብኝ ካለ አልቀየመውም፤ ግን አይሳቅብኝ።

ባቡር እንዳንሳፈር ባቡሩን ከሐዲድ ወደ ሐዲድ የሚያሻግሩት መቀየሪያዎች በበረዶ ተይዘው ጉዞው ተሰርዟል። በመኪና ወጣን።

ድልድዩ ላይ ስንደርስ ነው የሆነው። ድልድይ ከሥሩ የሚያሞቀው መሬት ስለሌለው፣ ነፋስም ከላይና ከታች ስለሚመታው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። የመኪናው የኋላ እግር ከዳኝ። መሪውን ባዞርም አይሰማኝም። ቀስ ብለን ዞርን፤ ያ ቀስታ ነው እስከ ዛሬ በእንቅልፌ የሚመጣብኝ። «እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም» የሚለው መዝሙር ሳልጠራው ከአፌ ወጣ። ከብረት አጥሩ አጠገብ ወደ ጎን ዞረን ቆምን። አላበቃም። ከኋላችን አንድ የጭነት መኪና መብራቱን አብርቶ እየተንሸራተተ ይመጣል። ሹፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሌላ ምን ያድርግ? እኔም ጌታዬ ጌታዬ ከማለት ሌላ ቃል አጣሁ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፈነ።

መኪናው ሳይነካን ቆመ።

ከዚያ ሰልፉ ከፊትም ከኋላም ዘጋብን። ወንድሜ የመጨረሻ እጥበቱን ያደረገው ዓርብ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሌላ ተራ ነበረው። በእጥበት የሚኖር ሰው ያለው ያውቃል፤ ያ የሁለት ቀን ክፍተት ከሳምንቱ ሁሉ ይከፋል፤ ውኃው በሳንባ ይጠራቀማል፣ ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን በደም ውስጥ ከፍ ብሎ የልብን ምት ያስታል። ወንበሩን ቀጥ አድርጌለት እንኳ ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። «እትዬ፣ አትፍሪ» ይለኛል፤ እርሱ እኔን! ከዚያ እናታችን ወጥ ስትሠራ የምታዜመውን መዝሙር ያለ ቃል ማዜም ጀመረ፤ ለቃሉ የሚበቃ ትንፋሽ አልነበረውማ።

እኔ ወርጄ በሩን ዘጋሁና ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። «ኢዮብን ስለ በረዶ ቤተ መዛግብት የጠየቅኸው አንተ አይደለህምን? ቁልፉ በእጅህ ሳለ ይህን ሁሉ ዓመት አስጠብቀህ የምትከፍተው ዛሬ ነው?» አልሁት። ከዚህ የባሰም ተናግሬዋለሁ፤ እርሱ ሰምቶታልና ለእናንተ አልደግመውም።

የጭነት መኪናው ሹፌር ያን ሁሉ ጩኸት ሰምቶ ኖሮ የአሸዋ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ከጎማዎቹ ሥር በተነልኝ፤ በሁለተኛ ማርሽ እንድነሳ፣ ነዳጁን በስሱ እንድሰጥ፣ ፍሬን እንዳልነካ አስጠነቀቀኝ። ከኋላ ያለችው ሴትዮ ብርድ ልብሷን ለወንድሜ ሰጥታ ሳትቀበል ቀረች። እናንተ ሰዎች፣ ስማችሁን አላውቅም፤ ዘመናችሁ ይባረክ። ጨው የሚበትነው መኪና ከፊት ለፊት በባዶው መስመር ሲመጣ ሰው ሁሉ ከመኪናው ወርዶ አጨበጨበ፤ ለጨው!

ነርሷ የደወለችው ይሄኔ ነው። የት እንደደረስን ስትጠይቀኝ መናገር አቅቶኝ አለቀስሁ። «ቀስ ብላችሁ ኑ» አለችኝ፤ «ኩላሊቱም አልደረሰም። የጫነው አውሮፕላን ክንፉ ላይ የረጋው በረዶ በፈሳሽ እስኪታጠብ ተራ ይጠብቃል።»

ወገኖቼ፣ እኔ የተጣላሁበት በረዶ ኩላሊቱን ይዞልን ቆሟል። «በረዶውን እንደ ባዘቶ ይሰጣል» የሚለውን ስንት ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ይሰጣል እንደሚል ያን ሌሊት አየሁት።

ሊነጋጋ ሲል ደረስን። ደሙ ተስማማ፤ መጀመሪያ እጥበት አደረጉለት፤ ከዚያ አስገቡት። አዲሱ ኩላሊት እዚያው ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ ሽንት ማውጣት መጀመሩን ሐኪሙ ወጥቶ ሲነግረኝ፣ ስለ ሽንት ሃሌ ሉያ ብዬ ኮሪደሩን አናወጥሁት። ዛሬ ወንድሜ ውኃ እስኪጠግብ ይጠጣል። ለሐኪሞቹ፣ ለዚያች ነርስ፣ ይልቁንም በኀዘናቸው መካከል ለማያውቁት ሰው እሺ ላሉት ቤተሰቦች ምን ብዬ ላመስግን?

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። የእኛ መንገድ እንዲከፈት በለመንሁ ጊዜ ለዚያ ለሌላው ተጠባባቂ ምን እየለመንሁ እንደሆነ ድልድዩ ላይ ገብቶኝ ነበር፤ ቢሆንም ለመንሁ። እርሱም በዚያ በረዶ ሳይበላ መጥቶ ባዶ እጁን ተመልሷል። ስሙን አልነገሩኝም። በየጸሎቴ ያ ሰው እላለሁ፤ እናንተም ስትጸልዩ ያን ሰው አስቡልኝ፣ ስልኩ እንዲደወልለት።